በእጅ ያልተሠራውን «የእጅ ሥራ» አትበሉን

ሰሞኑን እንደገና የተነሳው ክርክር አናዶኛል። ነገሩ የመጣው ከኦንላይን የእጅ ሥራ ገበያዎች ነው። ከእነዚህ ገበያዎች አንዱ የሆነው ኤትሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ዕቃዎቹን በአራት መደብ ከፍሎ መለያ ሰጣቸው። ሻጩ የሠራው፣ ሻጩ የነደፈው፣ ሻጩ መርጦ የሰበሰበው፣ ሻጩ ያቀረበው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ንድፍም ሻጩ እስካሳወቀ ድረስ «የነደፈው» በሚለው ሥር ይገባል። ሁሉም በአንድ መደርደሪያ፣ ጎን ለጎን። ይህን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች አሁንም አንድ መልስ ይደጋግማሉ። ገዢ መልኩን እንጂ አሠራሩን አይጠይቅም ይላሉ። መዶሻ የነካው ቀለበትና ፋብሪካ ያወጣው ቀለበት አብረው ቢቀመጡ ዓይን አይለያቸውም ይላሉ። ስለዚህ «ማን ሠራው?» ብሎ መጨቃጨቅ ባዶ ናፍቆት ነው ይሉናል።

ሌላውን ሁሉ ልታገሥ እችላለሁ። «ዓይን አይለየውም» የሚለውን ግን አልችልም።

የማን ዓይን? ጉትቻ ያደረገች ሴት ጉትቻዋን ቀኑን ሙሉ አታየውም። ጠዋት መስታወት ፊት አንዴ ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ጌጡን የሚያውቀው ጆሮዋ ነው። የአንገት ሐብልም እንደዚያው ነው። የሚያየው ፊት ለፊት የቆመው ሰው ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው ክብደቱን ነው፤ ጠዋት ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ቅዝቃዜና ቆይቶ ከሰውነት ጋር ሲሞቅ ያለውን ነው፤ ጎንበስ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ነው። ጌጥ ከማድረግ የሚገኘው የየዕለት ደስታ በአብዛኛው ዓይን የማይደርስበት ነው። እነዚህ ሰዎች ጌጥን ከፎቶ ጋር አምታተውታል።

ጌጥ በእጁ የሚሠራ ሰው አጠገብ ትንሽ ተቀምጦ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። አብዛኛው ልፋት የሚፈሰው ማንም በማያየው ቦታ ላይ ነው። የጉትቻ መንጠቆን ውሰዱ። ብዙ ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ሽቦ ይሠራል። ከዚያ በጣም ከቀጠነ ይጎብጣል፤ በጣም ከወፈረ ጆሮ ያማል። ሽቦው ሲቆረጥ ጫፉ ስለት ይሆናል። ጥሩ ሠሪ ያንን ጫፍ ሞርዳ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽታ፣ በጣቷ ዳስሳ ታለሰልሰዋለች። ፎቶው ላይ ያ ጫፍ ከጆሮ ጀርባ ነው። አይታይም።

የቀለበት ውስጠኛ ጠርዝም አለ። ጠርዙ ካልተሞረደ ጣት ሲያብጥ ይቆነጥጣል። የሐብል ጌጥን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያገናኘው ትንሹ ክብ ሽቦ ደግሞ አለ። ካልተበየደ ቀስ በቀስ ይከፈታል። አንድ ቀን እጃችሁን ወደ አንገታችሁ ስትሰዱ ሰንሰለቱ አለ፣ ጌጡ የለም። ከዚያ ደግሞ ሚዛን አለ። የተንጠለጠለው ጌጥ ቀዳዳው ዝቅ ብሎ ከተበሳ አናቱ ይከብድና ይገለበጣል፤ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲያቃና ይውላል። ሠሪዋ ይህን የምታውቀው ራሷ አድርጋው ስለዋለች ነው።

የብረቱ ጥንካሬ ከሁሉም በላይ ዓይን የማይደርስበት ነገር ነው። ብር ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፣ በእሳት ሲሞቅ ይለሰልሳል። እየቀጠቀጠ አምባር የሚያወጣ ሰው ሁለቱን ያፈራርቃል። ሲደርቅበት ያሞቀዋል፣ ሲለሰልስለት መልሶ ይመታዋል፣ በመጨረሻም ጠንካራ ሆኖ እንዲቀር በመዶሻ ይጨርሰዋል። እንዲህ የተሠራ አምባር ሲከፈት ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው ግን ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ወር ሲደረግና ሲወልቅ ቅርጹን ያጣል። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ዓይናችሁን ጠይቁ። እውነት ነው፣ አይለያቸውም። ክንዳችሁ ግን በሳምንት ውስጥ ይለያቸዋል።

ፋብሪካም ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል ትሉኝ ይሆናል። ይችላል። ግን ለምን ብሎ ያደርገዋል? የሚሸጠው በፎቶ ነው፤ የጉትቻ መንጠቆ ጫፍ ደግሞ ፎቶ ላይ አይወጣም። ገዢ መልክ ብቻ ነው የሚፈልገው ብሎ ያመነ ሻጭ መልክ ብቻ ነው የሚያቀርበው።

ደግሞስ ዓይን መቼ ነው በጌጥ ጉዳይ ታማኝ ዳኛ ሆኖ የሚያውቀው? የጌጣጌጥ ታሪክ እኮ ዓይንን ያለማመን ታሪክ ነው። የጥንቱን ግሪካዊ ሊቅ የአርኪሜዲስን ተረክ አስታውሱ። ንጉሡ ዘውዱ ንጹሕ ወርቅ ይሁን ብር የተቀላቀለበት በማየት ማወቅ ስላልቻለ ነው ነገሩ ሁሉ የመጣው። በእንግሊዝ በ1300 የብር ዕቃ ከተወሰነ ጥራት እንዳይወርድ በሕግ ተደነገገ፤ ልኩም ከ1,000 እጅ 925ቱ ብር መሆን አለበት የሚል ነው። በ1363 ደግሞ እያንዳንዱ አንጥረኛ የራሱን ምልክት በዕቃው ላይ እንዲመታ ታዘዘ። ለምን? ገዢው ብሩን አይቶ ጥራቱን መለየት አይችልማ! ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት የሚጠየቅ ሰው መኖር ነበረበት። ዛሬ «ማን ሠራው ማለት ናፍቆት ነው» የሚሉን ሰዎች ከ600 ዓመት በፊት ሕግ አውጪ የተረዳውን ነገር ገና አልተረዱትም።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ኒኬል በብዙ ሰው ቆዳ ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል። አውሮፓ በ1994 በጆሮ ጌጥና ቆዳ በሚነኩ ዕቃዎች ላይ በሕግ የገደበው ለዚህ ነው። ኒኬልን ማን በዓይኑ አየው? የወርቅ ቅብም አለላችሁ። በአሜሪካ የንግድ መመሪያ ቨርሜይ የሚባለው በወርቅ የተለበጠ ብር ቢያንስ 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የወርቅ ሽፋን ሊኖረው ይገባል። በኤሌክትሪክ ለሚለበጠው ተራ የወርቅ ቅብ 0.175 ማይክሮን ይበቃዋል። ልዩነቱ 14 እጥፍ ገደማ ነው። በገዛችሁበት ቀን ሁለቱም እኩል ያበራሉ። ከርሞ ግን አንዱ ወርቅ ነው፣ ሌላው አንገት ላይ አረንጓዴ የሚተው መዳብ ነው።

የስዊዘርላንዱ ጌጥ ሠሪ ኦቶ ኩንዝሊ በ1980 የሠራውን አምባር እዚህ ላይ ሳላነሳ አላልፍም። የወርቅ ኳስ ነው፤ ዙሪያውን ግን በጥቁር ጎማ ተሸፍኗል። ከውጭ የሚታየው ጥቁር ጎማና አንድ እብጠት ብቻ ነው። ወርቁን ማየት የሚፈልግ አምባሩን መቅደድ አለበት። ያደረገው ሰው ግን ውስጡ ምን እንዳለ ሠሪውን አምኖ ያውቃል። እኔ በዘመናዊ ጌጥ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አላውቅም። ዕቃው ዓይን የሚለየው ምንም ነገር የለውም፤ ግን የሠሪውን ቃል ብታነሱበት ምንም አይቀርለትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር የዋጋ ነው። የእጅ ሥራ የሀብታም ቅንጦት ነው ይላሉ። በከፊል እውነት አለው። እንግሊዛዊው የእጅ ሥራ ተሟጋች ዊልያም ሞሪስም ቢሆን ለሁሉም የሚደርስ ውብ ዕቃ ልሥራ ብሎ ተነስቶ ብዙውን ለባለጠጎች ሲሸጥ ኖሯል። ግን ውድ የሚያደርገው ሁሌ እጅ ነው ያለው ማነው? አሜሪካዊው ቀራጺ አሌክሳንደር ካልደር በሕይወቱ 1,800 ያህል ጌጦች ሠርቷል፤ ብዙዎቹ የተቀጠቀጠ የናስ ሽቦ ናቸው፤ ብዙዎቹንም ለቤተሰብና ለወዳጅ ሰጥቷል። ኔዘርላንዳውያኑ ጌጥ ሠሪዎች ኸይስ ባከርና ኤሚ ፋን ሌርሱም በ1960ዎቹ ከአሉሚኒየም ነው የአንገት ጌጥ የሠሩት። ጌጥ ዋጋው በድንጋዩና በወርቁ ነው የሚለውን አመለካከት ያናጉት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በጃፓን ደግሞ የጥበብ ፈላስፋው ያናጊ ሶኤትሱና ጓደኞቹ ለተራ ቤት የሚሠራ የየዕለት ዕቃ ውበት እንዳለው አሳዩ፤ ቶኪዮ ላይ በ1936 ሙዚየም ተከፈተለት። ተቃዋሚዎቼ ይህን ጠቅሰው «የያናጊ ሠሪዎች እኮ ስም አልነበራቸውም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ዕቃው ላይ ስም አልነበረም። ገዢው ግን ዕቃው ከየትኛው መንደርና ከየትኛው ምድጃ እንደወጣ ያውቅ ነበር። ዛሬ የጠፋው ይሄ ነው።

ጌጥ በራሱ ትርፍ ነገር ነው የሚል ካለ ሞሮኮ ውስጥ ወደሚገኘው ቢዝሙን ዋሻ ልላከው። በ2021 ይፋ በሆነው ጥናት ከ142,000 እስከ 150,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የተበሱ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎሎች ተገኝተውበታል። ተንጠልጥለው እንደነበር የሚያሳይ የመፋቅ ምልክትም አላቸው። ሰው ገና ማረስ ሳያውቅ ዛጎል በስቶ ያጌጥ ነበር። ይህን ቅንጦት ብሎ መጥራት ሰውን አለማወቅ ነው።

ማሽን ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ሠሪዎችም ሞተር ይጠቀማሉ፣ ሰም በኮምፒውተር ያስቀርጻሉ፣ ብር በመዳመጫ ማሽን ያሳሳሉ። ይሁን። የእኔ ጥያቄ ዕቃው በመሠራት ላይ እያለ አይቶ፣ ዳስሶ፣ «እዚህ ጋ አልሆነም» ብሎ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ነበረ ወይ የሚለው ነው። ሥዕል በሶፍትዌር አስወጥቶ ለማያውቀው ፋብሪካ የላከ ሰው ይህን አላደረገም። ነድፏል በሉት፣ ግድ የለኝም። ከሠራው ሰው ጎን ግን አታስቀምጡብኝ።

ነገሩ ደግሞ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ኤትሲ በ2005 ሲመሠረት የእጅ ሠሪዎች ቤት ነበር። በ2013 ሻጮች በውጭ አምራች ማሠራት እንዲችሉ ፈቀደ። በ2015 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። በ2022 ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚወስደውን ከ5 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ አሳደገ፤ ብዙ ሻጮችም ሱቃቸውን ለቀናት ዘግተው ተቃወሙ። ከዚያ የ2024ቱ መለያ መጣ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ድምሩ ግን ቀን ከሌት አንድ ቀለበት ላይ የምትደክመው ሴት በሺህ ከሚታተም ዕቃ ጋር በአንድ የፍለጋ ገጽ ላይ እንድትፎካከር መደረጉ ነው።

ሠሪውን መደበቅ የሚጎዳው ደግሞ ገዢውን ብቻ አይደለም። ኪሮሽ አስቡ። እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ለገበያ የሚያመርት ማሽን እስካሁን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በርካሽ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ ስታዩ እጅ አለበት። የአንድ ሰው ጣቶች እያንዳንዷን ዙር ጠምዝዘዋል፤ ስሙም ክፍያውም አልተነገረንም እንጂ። በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንጻ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሲሞቱ፣ የማን ልብስ እየተሰፋ እንደነበር ለማወቅ ሰዎች ፍርስራሹ ውስጥ የብራንድ መለያ ጨርቅ ይፈልጉ ነበር። ሠሪው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ናፍቆት ነው የሚለኝ ሰው ይህን እያወቀ ነው የሚለኝ?

እኔ ጣቴ ላይ ያለችው ቀለበት ብር ናት። የመዶሻው ምልክት አንዱ ጥልቅ ሌላው ስስ ነው። ሳስብ በአውራ ጣቴ አዞራታለሁ፤ የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ ሳላያት አውቃለሁ። ጣቴ ሲወፍር የሠራችው ሴት ቆርጣ፣ ቁራጭ ጨምራ፣ መልሳ በየደችልኝ። የትኛውን መበየጃ እንደተጠቀመች ስለምታውቅ የቀድሞው ብየዳ በእሳቱ አልተፈታም። ፋብሪካ የሠራውን ለሌላ አንጥረኛ ስትወስዱት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ምንድን ነው? ብር ነው ቅብ?» ብሎ ነው። ይህ ትንሽ ደስታ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየቀኑ የሚገኝ ደስታ ነው፤ ሰው ስንት እንዲህ ያለ ነገር አለው?

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ገበያዎቹ በእጅ የተሠራውን ለብቻው ያስቀምጡ፤ የተነደፈውና የተሰበሰበው የራሱ ቦታ ይኑረው። ፍለጋውም አይቀላቅላቸው። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ቦታ፣ የትኛው ክፍል በእጅ እንደተሠራና የትኛው ተገዝቶ እንደገባ ይጻፍ። ሰንሰለቱን ገዝተሽ ጌጡን ብቻ ከሠራሽ እንደዚያው በዪ፤ ማንም አይቀየምሽም። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። በእጁ የሠራ ሰው ይህን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። መጻፍ የሚያቅተው ካለ ደግሞ ለምን እንዳቃተው ገዢው የማወቅ መብት አለው።