ጠጃችንም የቅምሻ ክፍል ይገባዋል

ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብዙዎቻችን ዝዋይ በሚለው ስሟ እናውቃታለን፤ ስሟ ሲነሳም ቶሎ ትዝ የሚለን የሐይቁ ዓሣ ነው። አሁን ግን ወደዚያ የሚያስኬድ ሌላ ጉዳይ አለ። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እዚያ የወይን ተክል አልምቶ፣ ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ የሚባሉትን ወይኖች ከማሳው አጠገብ ይጠምቃል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ፋብሪካው ጎብኚም ሲያስተናግድ ቆይቷል።

የወይን ጉብኝት ምን እንደሚመስል ላልሞከረው በአጭሩ ልንገረው። መጀመሪያ ማሳው ይታያል። ሜርሎው፣ ካበርኔ ሶቪኞኑ፣ ሲራው፣ ሻርዶኔው ረድፍ በረድፍ ቆሟል። ባቱ ላይ በማሳው ዙሪያ ሰፊ ቦይ ተቆፍሯል፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ነው። ይህን ሲሰማ የማይገረም ጎብኚ የለም። ከዚያ መጥመቂያው ይታያል፣ ከዚያ በርሜሎቹ። መጨረሻ ላይ ቅምሻው ይመጣል።

ቅምሻው ላይ ጥድፊያ የለም። ነጩ ይቀድማል፣ ቀዩ ይከተላል፣ ጣፋጩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የሚቀዳው አንድ ሁለት ጉንጭ የሚሆን ነው። ቀለሙን ታያለህ፣ ታሸታለህ፣ ጉንጭህ ውስጥ ትንሽ ታቆየዋለህ። መትፊያ ዕቃም ይቀመጣል። መኪና የሚነዳ ሰው ይጠቀምበት፤ ነውር የለውም። በባቱና በአዲስ አበባ መካከል ያለው መንገድ ቀልድ አያውቅም።

እኔ ግን ጎብኚ ከዚህ ሁሉ ይዞት የሚሄደው ትልቁ ነገር ወሬው ነው እላለሁ። ይህ ወይን ለምን ጎመዘዘ? ያኛው ለምን ለሰለሰ? አፈሩ፣ ፀሐዩ፣ በርሜሉ ምን አደረጉት? ይህን ያወቀ ሰው በማግስቱ ሱፐርማርኬት ሲገባ ያንኑ ጠርሙስ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ወሬው ግን የራሳችን ሲሆን ነው የሚገባን። አንድ አስጎብኚ ቀይ ወይን እየቀዳ «የብላክከረንት ሽታ ይሰማችኋል» ሲል ሰምቻለሁ። ከፊቱ ከቆሙት ውስጥ ያንን ፍሬ ያየ አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። አንዲት እናት ብቻ ብርጭቆውን ደግመው አሸተቱና «ኧረ የተቆላ ቡና ነው የሚሸተው» አሉ። ልክ ነበሩ። በእንጨት በርሜል የቆየ ቀይ ወይን ብዙ ጊዜ የቡና ሽታ ያመጣል። የቤቱ ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው መናገር የጀመረው። አንዱ የወይራ ጭስ አለ፣ ሌላው ኮሰረት። ያ ክፍል የቅምሻ ክፍል የሆነው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለወይን ይህ ሁሉ ክብር ከተሰጠ፣ ለጠጃችን ለምን አይሰጥም?

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ከዚያ ማር አብዛኛው ጋን ውስጥ ይገባል፤ ጠጅ ይሆናል። እኛ ግን ጠጅ ቤት ገብተን የምንጠየቀው ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ የሚል ብቻ ነው። ማሩ ከየት መጣ? ንቡ የቀሰመው የትኛውን አበባ ነው? የሚጠይቅ የለም፤ የሚነግርም የለም።

የሚነገር ጠፍቶ አይደለም። የትግራይ ነጭ ማር አለ። የላስታ አለ። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኝ ነጭ ማር አለ። የባሌ ሐረና ደን የቡና አበባ ማር አለ። ብሳና የበዛበት አካባቢ ማሩ ጠቆር ይላል፣ መረር ይላል፤ ግራዋም እንዲሁ። አደይ አበባ በሚፈነዳበት ወቅት የሚቆረጠው ደግሞ ወርቅ ይመስላል። እነዚህ ለየብቻ ቢጠመቁና አንድ ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ ብርሌ ቢቀርቡ ልዩነታቸውን ሕፃን እንኳ አሽትቶ ይለየዋል። ባቱ ላይ አራት የወይን ዘር አይተን ከተደነቅን፣ እዚህ ስንት ነገር እያለፈን ነው?

አሠራሩም ቢሆን የሚታይ ነው። ጋኑ በወይራ ሲታጠን፣ ድፍድፉ ማር በውሃ ተበርዞ ሰፈፉ ሲገፈፍ፣ ከቀናት በኋላ ጌሾው ሲገባ፣ በመጨረሻ በጨርቅ ሲጠለል። ጎብኚ ይህን ቆሞ ቢያይ አንድ ሰዓቱ አይቆጨውም። መቅመስም ለእኛ ባዕድ ሥርዓት አይደለም። በቀድሞው ግብር ቤት፣ ማለትም በመኳንንቱ የግብዣ አዳራሽ፣ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ሳይቀምስ ብርሌውን ለጌታው አያቀርብም ነበር።

ላሊበላ ላይ እንደ ቶርፒዶ ያሉ ቤቶች ቱሪስቱን ጠጅ ያስለምዳሉ፤ ጥሩ ጅምር ነው። አዲስ አበባም አዝማሪና ውዝዋዜ ያላቸው ትልልቅ ምግብ ቤቶች ብርሌ ያቀርባሉ። እዚያ ግን ጠጁ የትርኢቱ ማጀቢያ ነው። ሙዚቃው ጮክ ብሏል፣ አስተናጋጁ ቸኩሏል፣ እንግዳው ብጫ ነገር ጠጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። በስኳር ተጠምቆ በቀለም ብጫ የሆነ ነገር ጠጅ ተብሎ ይሸጣል። እንግዳ ይህን ቀምሶ «የኢትዮጵያ ጠጅ ራስ ምታት ነው» ብሎ ይመለሳል። በማር ብቻ የምትጥል ሴት ደግሞ ዋጋዋ ተወደደ ተብላ ደንበኛ ታጣለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ቦታ ቢኖር ሰው ራሱ ይፈርዳል። የአልኮሉ መጠንም ከቤት ቤት በጣም ይለያያል። ጎብኚው የሚጠጣው ቢራ ያህል ይሁን ወይን ያህል ሊነገረው ይገባል፤ ጤናውም ነው፣ ክብሩም ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ወይኑ ቤት የማይችለው፣ ጠጁ ቤት የሚችለው አለ። ብርዝ፤ ሳይፈላ የሚጠጣው በውሃ የተበረዘ ማር። አልኮል የማይጠጣው ሙስሊም ወንድማችን፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ልጆቹ፣ የሚነዳው ሰው ሁሉም አብረው ይቀምሳሉ። የጌተሙን ማር ከብሳናው ለመለየት ስካር አያስፈልግም። ብርዙ ትኩስ ይሁን እንጂ፤ ከሰነበተ እሱም መፍላቱ አይቀርም።

ትልቅ ሕንፃ ይሠራ አላልኩም። ጥላ ያለው በረንዳ፣ ንጹህ ብርሌ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ቆሎ፣ ማሩ በየዓይነቱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይበቃል። ቅምሻው በነፃ መሆን የለበትም፤ የወይን ቤቶችም ያስከፍላሉ። ጠርሙስ ለሚገዛ ሰው ከሂሳቡ ይቀነስለት። የሚቀዳውና የሚናገረው ግን ስክሪፕት ያጠና ልጅ ባይሆን ደስ ይለኛል። ጠጁን የጣለችው ሴት ራሷ ትናገር። እንግሊዝኛ ካላወቀች አስተርጓሚ ይቀመጥላት፤ ለተናገረችበት ሰዓትም ከጠጁ ዋጋ ተለይቶ ይከፈላት።