ምን ደረሰህ?

የ2017ን አዲስ ዓመት ያሳለፍኩት ቱሉ ዲምቱ፣ እህቴ ኮንዶሚኒየም ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ናት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት ተነስተን ጄሪካን እንሞላለን፣ ከአዳማው ፈጣን መንገድ በኩል ደግሞ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል። እኔ ፍራንክፈርት ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣ። ከ600 318። እልልታው ደረጃው ድረስ ተሰማ። አይፈረድባቸውም። በ2016 ከተፈተኑት 674 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታትማ 3.3 እና 3.2 በመቶ ነበር። እህቴ ድፎ ደፋች፣ ጎረቤት ተጠራ። በዚያው ኮሪደር ያለች፣ አብራው የተፈተነች ልጅ ግን አልመጣችም። ውጤቷ ስላልሞላ ከቤት መውጣት አቁማለች አሉኝ።

ቡናው ላይ ሁሉም ልጁን ቦታ ቦታ አስያዙት። አንዷ ሕክምና አለች። አንዱ ሶፍትዌር። እህቴ ኢንጂነሪንግ ነው የምትለው፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ቅርባችን ስለሆነ ከቤት እየተመላለሰ ይማርልኛል ብላ። ልጁ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ማታ ሁለታችን ስንቀር «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ አክስቴ፣ የደረሰኝን እማራለሁ» አለኝ።

የደረሰኝን! ይህች ቃል ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ። እህቴ ይህን ቤት ስታገኝም «ደረሰኝ» ነው ያለችው፣ ስንት ዓመት ቆጥባ በዕጣ። እቁብም ይደርሳል። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚሠራው ሥራ ግን እንዴት ዕጣ ይሆናል? እኔም በጊዜዬ ማትሪክ አልፌ ስታቲስቲክስ ደረሰኝ። ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ተምሬ ተመረቅሁ፣ አንድም ቀን አልሠራሁበትም። አሁን ፍራንክፈርት ውስጥ አረጋውያንን ነው የምንከባከበው። ሥራዬን በጣም እወደዋለሁ፣ ግን እሱን ለመማር እንደገና ደብተር የያዝኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፣ ያ የባከነ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጄ ጀርመን ነው ያደገችው። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣልኝ። ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቀርቶባት የሆነ መሥሪያ ቤት ሄዳ ሥራ ታያለች፣ ቦታውንም ራሷ ፈልጋ ታመልክት ይላል። ፕራክቲኩም ይሉታል። እኔ ተናደድኩ። ሂሳቧ ደከም ብሎብኝ ሳለ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ልትሠራ ነው አልኩ። እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ትል ስለነበር አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ገባች፣ በሦስተኛው ቀን ግን የታመመ ውሻ እንዳይሰቃይ ብለው በመርፌ ሲገድሉት አይታ እያለቀሰች መጣች። ሁለቱን ሳምንት እንደምንም ጨረሰች። ያ ምኞት ግን እዚያው ቀረ። ያኔ አዘንኩላት፣ አሁን ሳስበው ግን አምስት ስድስት ዓመት ለፍታ የምትደርስበትን ነገር በ15 ዓመቷ በሦስት ቀን ነው ያወቀችው። በቀጣዩ ክረምት መነጽር ቤት ገብታ አየች። ሌንስ መሞረዱን፣ ፍሬም ማስተካከሉን፣ ከሰው ጋር ማውራቱን ወደደችው። ዛሬ የዚያ ሙያ ተለማማጅ ናት፣ ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

አውስቢልዱንግ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ቀን ሥራ ቦታ። እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ይከፈላቸዋልም። በአውሮፓውያኑ 2024 ለጀመረ ተለማማጅ የአንደኛ ዓመቱ ዝቅተኛ ክፍያ በወር 649 ዩሮ ነበር። ከዚያ በሙያው ገፍቶ ማይስተር፣ ማለትም የሙያው ዋና ባለሙያ የሆነ ሰው፣ በሀገሪቱ የብቃት መለኪያ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል 6ኛ ደረጃ ላይ ነው የተቀመጠው። ቧንቧዬን የሚሠራልኝ ሰውዬ ማይስተር ነው፣ የምስክር ወረቀቱን ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ልጄ እዚህ ገባች ብዬ ለዘመድ ስናገር ግን አዲስ አበባ ያሉት አዘኑልኝ። «ምነው፣ ዩኒቨርሲቲ እምቢ አላት?» አሉኝ።

ጀርመን ሁሉ ነገር ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። እኛ ያለንበት ልጆቹን የሚለዩአቸው አራተኛ ክፍል ሲጨርሱ፣ በአሥር ዓመታቸው ነው። የልጄ አስተማሪ ጀርመንኛዋ ገና ነው ብላ ዝቅተኛው ትምህርት ቤት ትግባ ብላን ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ ተከራክሬ፣ አንድ ጊዜም አልቅሼ ነው መካከለኛው የገባችው። ቋንቋ የማይችል ወላጅ ይህን እንዴት ያደርጋል? ብዙ የሀገራችን ልጆች በዚህ ምክንያት ወደ ታች ተገፍተዋል፣ ሳስበው ያንገበግበኛል። በዚህ በኩል የእኛ ሀገር ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል ተስፋውን ይዞ መሄዱን እወድለታለሁ።

ቱሉ ዲምቱ የገረመኝ ሌላ ነው። ሥራው ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ነው። ከእህቴ ሕንፃ ሥር አሉሚኒየም ቤት አለ፣ አጠገቡ በያጅ፣ ከዚያ ወዲያ ጋራዥ። ኮንዶሚኒየም ሲደርስ ባዶውን ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ ጂፕሰም ያሠራል፣ የመብራት መስመር ያስዘረጋል። እህቴ ሦስት ቧንቧ ሠራተኛ ቀያይራ የመታጠቢያ ቤቷ ውሃ አሁንም ታች ቤት ያንጠባጥባል። «ባለሙያ ጠፋ እኮ!» ትላለች። ልጇ ቧንቧ ልማር ቢላት ግን እንደምትቆጣ አውቃለሁ፣ ጠይቄያት ተቆጥታለች።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያልን አግልለን የኖርን ሰዎች ነን። በኋላ ደግሞ 10ኛ ክፍል ፈተና መጣ፣ ነጥብ የሞላለት መሰናዶ ይገባል፣ ያልሞላለት ቴክኒክና ሙያ ይላካል። ፈተናው ቀርቷል። «ቴክኒክ» ሲባል «የወደቀ» ብሎ መስማቱ ግን አልቀረም። አባቴ ተግባረ ዕድ ነው የተማረው፣ እስኪሞት ድረስ ይኮራበት ነበር።

ከእህቴ ፊት ለፊት የሚኖር ወጣት አለ። ሲቪል ኢንጂነር ነው፣ በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፏል። አሁን ራይድ ይነዳል። ሥራ ጠፍቶ ነው ብዬ ጠየቅኩት። «እሱም አለ» አለኝ፣ «ግን ሳይት የረገጥኩት አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ ስወጣ ነው። ሥራው እንደማይሆነኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ማንን ልንገር?» ይህን ሲለኝ የራሴን ስታቲስቲክስ አስታወስኩ።

የእህቴን ልጅ «ኢንጂነር ከጠዋት እስከ ማታ ምንድን ነው የሚሠራው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ፎቅ ይሠራል» አለ። ሕክምናስ? ሶፍትዌርስ? አንዱንም ሲሠራ አይቶ አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ማን አሳየው?

ፎርም እስኪሞላ ጊዜ ስለነበረን የቻልኩትን አደረግኩ። ፊት ለፊት ያለው ወጣት ጓደኛው የሚሠራበት ሳይት አንድ ቀን አዋለው። የእህቴን መስመር የዘረጋው ኤሌክትሪሺያን ሦስት ቀን አብሮት ይዋል አለኝ፣ ለምኜው እንኳን አልነበረም። የድሮ ጓደኛዬ ደግሞ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው፣ አንድ ቀን እሷ ጋ ዋለ። ከሳይቱ ፀሐይ መትቶት መጥቶ ተኛ። ከላብራቶሪው ሲመጣ ደም ማየቱ እንዳልከበደው ነገረኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ጋ የዋለ ዕለት ግን እጁን ሳይታጠብ ነው ማውራት የጀመረው፣ ብሬከሩ ለምን እንደሚወርድ፣ ሽቦው ለምን እንደሚወፍርና እንደሚቀጥን፣ ፊዚክስ ክፍል የተማሩት ነገር ግድግዳ ውስጥ እንዳለ። እህቴ እንጀራ እያቀረበች ቆማ ሰማችው። ምንም አላለችም።

ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ በሩ ተንኳኳ። ያች ከቤት መውጣት ያቆመችው ልጅ ናት፣ ነጠላዋን ፊቷ ድረስ ስባዋለች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ላብራቶሪው ጋ ያላለፈም ሰው ሄዶ ማየት ይችላል?»

ጠዋት አንድ ሰዓት ታች ጠብቂኝ አልኳት። ለሩብ ጉዳይ ላይ በመስኮት ሳይ ታች ቆማ ነበር።