ለድሮ ዶስ ጌም፦ ሳውንድ ብላስተር 16 ወይስ የያማሃው?

ሄኖክ፦ ሰው 486 የሚባለውን የዶስ ዘመን ኮምፒውተር ገጣጥሞ ሲያበቃ "የቱን ሳውንድ ካርድ ልግዛ" ይላል፣ ይሄ ጥያቄ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሳውንድ ብላስተር 16፣ በድሮው የአይኤስኤ ማስገቢያ የሚሰካው፣ አለቀ። ጌሙ ሴታፕ ላይ ስሙ ተጽፎ ይጠብቅሃል፣ የካርዱን ቁጥሮች ትሞላለህ፣ አድሬስ 220፣ ኢንተራፕት 5፣ ዲኤምኤ 1፣ ከዛ መጫወት ነው። ሌላው ሁሉ ኮፒ ነው።

ናቲ፦ "ሌላው ሁሉ ኮፒ ነው"? ጋሽ ሄኖክ፣ እስቲ ካርድህን ነቅለህ መብራት አብራበት፣ ሙዚቃውን የሚያወጣው ቺፕ ላይ ምን ይላል? ያማሃ ዋይኤምኤፍ262! ኦፒኤል3 የሚሉት ይሄ ቺፕ የያማሃ ነው፣ የሳውንድ ብላስተር አምራች ክሪኤቲቭ ገዝቶ ነው የበየደው። እኔ የምለው የያማሃ ካርድ፣ ዋይኤምኤፍ719፣ ደግሞ ያው ያማሃ ኦፒኤል3ን ውስጡ የከተተበት ነው። ታዲያ ኮፒው የቱ ነው? ከ16ቱ በፊት ለነበረው ሳውንድ ብላስተር ፕሮ የተሠሩ ጌሞችም እሱ ላይ ስቴሪዮ ናቸው፣ ያንተው 16 ላይ ሞኖ።

ሄኖክ፦ ካርድ ማለት ቺፕ ብቻ አይደለም ወንድሜ። ያንተ ያማሃ ዶስ ላይ ማስነሻ ፕሮግራሙ ካልሮጠለት ጌሙ መኖሩንም አያውቅም። የሚመስለውም ብላስተር ፕሮን ነው፣ የ16ቱን 16 ቢት የድምፅ ጥራት ከየት ታመጣዋለህ?

ናቲ፦ ዱም የሚባለው ጌም ላይ ተኩሱ ራሱ 8 ቢት ነው፣ 16 ቢቱን ምን ልታደርገው ነው? ኮፒ ያልካትን ግን ዘለልካት። ክሪኤቲቭ ራሱ በኋላ ባወጣቸው አንዳንድ 16ቶች ላይ ኦፒኤል3ን አውጥቶ ሲኪውኤም የሚባል ማስመሰያ ከተተ፣ ኤደብሊውኢ64 የሚባለው በኋላ የወጣ ካርዱ ላይም እንደዛው። የዱምን የመጀመሪያ ሌቭል ክፈትና ስማው፣ ጊታሩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ኮፒውን የሚሸጥልህ የራስህ ሰው ነው!

ሄኖክ፦ እኔ ሲኪውኤም ግዙ ወጣኝ? የ1992ቱን ነው ያልኩት፣ ማንበብ ነው።

ናቲ፦ አሃ፣ አሁን ደግሞ "አንዳንዱ 16" ሆነ። እነዛ የድሮዎቹ እኮ ጌሙ ዝም ሲል ሽሽሽ የሚሉት ናቸው።

ሄኖክ፦ ይበሉ! ያኔ የሰማነው እሱን ነው፣ የድሮ ጌም የሚጫወት ሰው የድሮውን ድምፅ ነው የሚፈልገው፣ የስቱዲዮ ጥራት የሚፈልግ አዲስ ላፕቶፕ ይግዛ።

ናቲ፦ ዌቭቴብል የሚባለውን ተጨማሪ የሙዚቃ ቦርድ ስትሰካበት ሙዚቃው (ሚዲው) አንድ ኖት ላይ ተጣብቆ እዬዬ ሲልም ትዝታ ነው በለኝ እንግዲህ። ኮፒዋን ዛሬም አልመለስካትም።

ሄኖክ፦ እሺ ጌታዬ፣ እርስዎ ያማሃዎን ይግጠሙ። ዱም ከፍተው ድምፅ ሲያጡ ግን ማስነሻዋን አውቶኤግዜክ፣ ዶስ ሲነሳ የሚሮጠው ፋይል፣ ውስጥ አስገብተዋታል ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም።