ገዳዩማ ሹፌሩ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ወፈር ያለ የወንጀል ልብወለድ ይዤ ካፌ ተቀምጫለሁ። ሠላሳ ገጽ ቢቀረኝ ነው። ሀብታሟ ሴትዮ በገዛ መኝታ ቤቷ ሞታ ተገኝታለች። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አምስት ሰው ተጠርጥሯል። ሦስቱን እኔው ነፃ አሰናብቻቸዋለሁ፤ የቀሩት ሁለቱ ላይ ዓይኔን አፍጥጫለሁ። ማኪያቶው ቀዝቅዞ አናቱ ላይ ቆዳ ሠርቷል። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አንድ የማላውቀው ሰው አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሽፋኑን አየና፣ «ኦ፣ እሱን ጨርሼዋለሁ። አሪፍ ነው። ገዳዩማ ሹፌሩ ነው» አለኝ።

ብሎም ወደ ስልኩ ተመለሰ።

መቼም ይህን ሰው የማያውቅ አንባቢ የለም። ቢሮ አለ፣ ታክሲ ውስጥ አለ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ካርታ እየተጫወተም አለ። እስካሁን ከኋላው ስናማው ኖርን። ደግ አልሠራንም። ውለታውን ቆጥሮ የሚያመሰግነው አንድ ሰው እንኳ መጥፋቱ ያሳፍራል። እነሆ እኔ ተነስቻለሁ።

በመጀመሪያ ጊዜ ቆጣቢ ነው። ደራሲው አራት መቶ ገጽ ሙሉ ሲያምታታን፣ አንዴ አክስቷን አንዴ ጠበቃውን ሲያስጠረጥረን፣ መብራት ሲያጠፋ ሲያበራ ያመሻል። ወዳጃችን በሦስት ቃል ይገላግለናል። የመጽሐፍ ዋጋ ደግሞ እንደምታዩት ነው። መጽሐፉ ገና መደርደሪያ ላይ ሳለ መጨረሻውን የሚነግር ሰው ኪስም ያድናል። ክፍያ አይጠይቅም። እንዲያውም «አትንገረኝ!» ብለህ ጆሮህን ብትይዝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነግርሃል፤ ያለ ተጨማሪ ሂሳብ።

እንግሊዞች እንዲህ ያለ በጎ ፈቃደኛ አላገኙም። የአጋታ ክሪስቲ «ዘ ማውስትራፕ» የተባለው የግድያ ቴአትር በፈረንጆቹ 1952 ለንደን ላይ መታየት ጀመረ። በኮሮና ሰሞን ከመቋረጡ በቀር ከመድረክ አልወረደም። ትርኢቱ ሲያልቅ ተመልካቹን «ገዳዩን ለማንም እንዳትናገሩ» ብለው ይማጸኑታል። ሰዉም እሺ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል! ሰባ ዓመት አልፎታል! አንድ የእኛ ሰው ትኬት መቁረጫው በር ላይ ቢቆምላቸው ኖሮ በሳምንቱ ተገላግለው አዳራሹን ለሠርግ ያከራዩት ነበር።

ይህን ሳነሳ ከነዚህ መጨረሻ ነጋሪዎች ማኅበር አባላት አንዱ ሞገተኝ። «ቆይ፣ ፍቅር እስከ መቃብርስ? መጨረሻው ርዕሱ ላይ አይደል እንዴ ያለው?» እውነቱን ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ መቃብሩን ርዕሱ ላይ ይዞ ነው የወጣው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰዉ በዛብህና ሰብለወንጌል ወዴት እንደሚሄዱ እያወቀ ጆሮውን ደቅኖ ይሰማ ነበር። ግን እኮ ሐዲስ ዓለማየሁ የገዛ ታሪካቸውን ነው የተናገሩት። አንተን ማን ወከለህ?

ሙያው የዛሬ አይደለም። መጽሐፍ በቀን ሂሳብ ይከራይ የነበረበት ጊዜ ትዝ የሚለው አንባቢ ይመሰክራል። ከሱቁ የምትወስደው መጽሐፍ በወፍራም ካርቶን ተጠርዞ፣ ጥጉ በጣት ቅባት ጠቁሮ፣ የሰው ቤት ወጥ ወጥ እየሸተተ ነው። ኅዳጉ ላይ ደግሞ ካንተ በፊት የተከራዩት ሰዎች በሰማያዊ እስክሪብቶ ይወያያሉ። አንዱ ገጽ ላይ «ተጠንቀቂ!!» ይላል። ሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «አንተን ምን አገባህ»። ትንሽ ገፋ ስትል፣ መርማሪው ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ አንዱ ደግ ሰው ስም አስምሮ «እሱ ነው» ብሎ ጽፎልሃል። ይህን ያህል ሰው ለሰው ያስብ ነበር። የመጨረሻዋ ቅጠል ብቻ የለችም። ማን እንደገነጠላት አይታወቅም።

ሙያው ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው ግን ታክሲ ውስጥ ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ አንዲት ልጅ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ የፍቅር ልብወለድ ታነባለች እንበል። ሽፋኑን በጋዜጣ ለብዳዋለች። ከጎኗ ያለው ኮት ለባሽ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አብሯት ያነባል። እሱ ፈጣን ነው። ገጹን ጨርሶ ይጠብቃታል። ስትዘገይበት በትህትና «እህቴ፣ ግለጪያ» ይላታል። ትገልጣለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጥቂት ገጽ ከሄዱ በኋላ ልጅቷ ታሳዝነዋለች። አላስችለው ይላል።

«ዶክተሩን ባታገባው ነው የሚሻላት» ይላል።

ልጅቷ ዝም።

«ሚስት አለችው። አዳማ ናት። ገጽ 212 ላይ ትመጣለች።»

ከኋላ ወንበር ዘንቢል የታቀፉ እናት «ውይ! ልጅም ሳይኖረው አይቀርም» ይላሉ። መጽሐፉን አላነበቡትም። ዶክተሮችን ግን ያውቃሉ።

ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ፣ ከወገቡ በላይ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ «እና ማንን ታግባ?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው። አንዱ ነጋዴውን ይላል። አንዷ ማንንም አታግባ፣ ትማር ትላለች። ኮት ለባሹ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልቧስ ሹፌሩ ጋ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ገዳዩ እሱ ሆኖ ይገኛል» ይላል።

ታክሲው ሲጥ ብሎ ይቆማል። ሹፌሩ እጁን ከመሪው አንስቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይዞራል። «ቆይ ቆይ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ ገዳዩ ሹፌር የሚሆነው? አከራይ የለም? ደላላ የለም?» ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ ያጨበጭባል። ጉዞው ይቀጥላል። «ወራጅ አለ» ያለው ሰውዬ ሾላ ላይ በሩ ተከፍቶለት መልሶ ይቀመጣል፤ የሟቿ እህት ምን እንደምታደርግ ሳይሰማ እንዴት ይውረድ? እንግሊዝ ኤምባሲ ይታለፋል። የሚወርድ የለም። ቀበና ላይ ትራፊክ ያስቆማቸዋል፤ ሹፌሩ ወደ ኋላ እያየ ነበር የሚነዳው።

«መንጃ ፈቃድ!»

ይሰጣል። ትራፊኩ ደብተሩን ሲያወጣ ዓይኑ ልጅቷ ጭን ላይ ያርፋል። ጋዜጣው ጥጉ ላይ ተገልጦ ርዕሱ ይታያል። ፊቱ ወዲያው ይፈታል። «ይሄን እኔም ጀምሬዋለሁ። ገና ዘጠና ገጽ ላይ ነኝ። ሹፌሩን ግን እንዴት እንደወደድኩት! የዋህ ነው አይደል?»

ታክሲው ውስጥ ዝንብ ስትበር ይሰማል። ሹፌሩ ይህን ዕድል አያሳልፈውም። «ሳጅን» ይላል ቀስ ብሎ፣ «ቅጣቱን ይተዉልኝ። አለዚያ የየዋሁን ነገር እነግርዎታለሁ።» ትራፊኩ ግራ ቀኙን ያያል። መንጃ ፈቃዱን በመስኮቱ ይወረውርለታል። «ሂድ! ሂድልኝ!» ታክሲው ሲንቀሳቀስ እኚያ እናት አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሹፌሩን እንዳታምነው!» ይሉታል።

ልጅቷስ ምን አለች? ማንም አልጠየቃትም። አራት ኪሎ ወርዳ መጽሐፉን ላገኘችው አዟሪ በግማሽ ዋጋ ሸጠችው።

የማኅበሩ አባላት ታዲያ ሁሉም አንድ አይደሉም። «ከመጀመሪያው ገጽ ገብቶኝ ነበር» የሚለው አለ። ይህ ሰው ያልደረሰበት ገዳይ የለም፤ ብቻ የሚደርስበት መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ነው። «በአንድ ቁጭታ ነው የጨረስኩት» ባዩ አለ። አምስት መቶ ገጽ በአንድ ቁጭታ። ምግብ የለ፣ ሽንት የለ። ስለ ታሪኩ ስትጠይቀው የሚያስታውሰው መቀመጡን ነው። ደራሲውን መንገድ ላይ ይዞ «ለምን ገደልካት?» ብሎ የሚያፋጥጠውም አለ፤ ክፍል ሁለት ላይ እንዲያስነሳት ቀነ ገደብ ይሰጠዋል። «ከዚህ ምን ተማርን?» የሚለውን እለፉት። እሱ ከምንም አልተማረም።

እኔ ከሁሉም የማደንቀው የፍቅር ልብወለድ የማያነበውን ነው። «እንዲህ ያለ ቀላል ነገር አላነብም» ይልሃል መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ። የእሱ ፍልስፍና ነው። ታሪክ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «ለነገሩ ያቺ ልጅ ከታናሽ ወንድሙ ጋር መሄድ አልነበረባትም» ይላል። የትኛዋ ልጅ? «ነርሷ ናታ! ደብዳቤውን በጊዜ ብትከፍተው ኖሮ እዚያ ዝናብ ላይ አትቆምም ነበር።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል። ከየት አወቅክ ስትለው ባለቤቱ ስታነብ ሰምቶ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ድምፅ አውጥታ ነው የምታነበው፣ ገጽ ቁጥሩን ጨምራ።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። ከእነዚህ ሁሉ አስተያየት ሰጪዎች ስንቱ መጽሐፉን ገዝቶ አነበበ? የሚተቸው በቴሌግራም የደረሰውን ፒዲኤፍ ነው። አንዱ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። አንድ ሰው ከፍቶ አሳየኝ። የአንሺው አውራ ጣት በየገጹ ግራ ጥግ አለ፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር መስመር ሳይቀር ይታያል። የመጨረሻው መስመር ጣቱ ሥር ተቀብሯል። ይህን በነፃ ያወረደው ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መሃሉ ላይ ደብዝዟል። ደራሲው አንባቢውን አያከብርም።»

አያከብርም? ተበድሮ እኮ ነው ያሳተመው! ወረቀቱን ከኪሱ ከፍሏል፣ ማተሚያ ቤቱን ከኪሱ ከፍሏል። አዟሪው ያንን ክምር ደረቱ ላይ ታቅፎ በፀሐይ ከካፌ ካፌ ይዞራል፤ አንድ ካልሸጠ ምሳ የለም። አንተ ደግሞ የሰረቅከው ዕቃ ደበዘዘብኝ ብለህ ታማርራለህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት፣ ሥራው የእሱና የወራሾቹ ነው። «ለንባብ ባህል ብዬ ነው ያጋራሁት» የሚሉ አሉ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲለቀም ሰው ደብቆ አነበበው። ታግዷላ! ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ያንን የደበቀ ሰው አንጀት ነበረው። ያንተን መጽሐፍ ማን አገደው? ሱቁ ክፍት ነው። ሌባ ነህ። በቃ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለደራሲዎች አንድ ምክር አለኝ። ቀጣዩን ልብ አንጠልጣይ ስታሳትሙ ግማሹ ቅጂ ላይ ገዳዩ ሹፌሩ ይሁን፣ ግማሹ ላይ አክስቷ። ሽፋኑ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ይለያይ። ለማንም ትንፍሽ አትበሉ። ማተሚያ ቤቱንም አስምሉት። ከዚያ ጠብቁ። አንድ ቀን ሁለት «ከመጀመሪያው ገጽ ገብቶኝ ነበር» ባዮች የዕድር ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው አይቀርም።

«ገዳዩማ ሹፌሩ ነው።»

«የምን ሹፌር? አክስቷ ናት እንጂ!»

«በእናቴ፣ ሹፌሩ ነው!»

«አክስቷ ናት አልኩህ! መርዙን በሻይ ነው የሰጠቻት!»

ዕድሩ ለሁለት ይከፈላል። የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይ ይረሳል። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ሥርዓት! ሥርዓት!» ይላሉ። የሚሰማቸው የለም። በመጨረሻ እንደ ደንቡ ጉዳዩን የሚያጣራ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ፒዲኤፍ በማስረጃነት አይቀበልም። ሰባቱም መጽሐፉን ከሱቅ ገዝተው ያነባሉ፤ በደረሰኝ።