ኮቱ አለ

አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግግ ነበር። እኛም ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን ቁጥሩን ማለፍ ቀርቶ አጠገቡም ደርሰን አናውቅም።

ጠዋት 2፡30 ላይ ሰርቪሱ ከመሥሪያ ቤቱ በር ሲያራግፈን የመጀመሪያው ግዴታችን አሻራ መስጠት ነው። መሣሪያው የተተከለ ሰሞን ብዙዎቻችን እንቅልፍ አጥተን ነበር፤ ጠባዩን ስናጠናው ግን የጣትን መድረስ እንጂ ባለ ጣቱ ከዚያ ወዴት እንደዞረ የማይጠይቅ ጨዋ ሆኖ አገኘነው። ድሮ ቁርስ የምንበላው እየተሳቀቅን ነበር፤ ዛሬ አሻራችንን በሰዓቱ ስለሰጠን በሙሉ ልብ እንበላለን።

ከቁርስ በፊት ግን ኮቱ ሥራ መግባት አለበት። የእኔ ኮት ግራጫ ነው፤ ሁለተኛው ቁልፉ ወድቋል፤ ትከሻው የወንበሩን መደገፊያ ቅርጽ ከያዘ ስለቆየ ሰው ቢለብሰው የሚያምርበት አይመስለኝም። ከካቢኔቱ አውጥቼ ወንበሩን አለብሰዋለሁ፤ ከፊቱ ፋይል እከፍትለታለሁ፤ ክዳኑ የተነቀለ እስክሪብቶም አኖርለታለሁ። አለቃችን ብቅ ብለው ከጠየቁ ጎረቤቶቼ «አለ፣ አሁን ወጣ ብሎ ነው» ይላሉ፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ ስለ እነሱ ኮት እመሰክራለሁ።

ፉል ቤቱ መንገዱን እንደተሻገሩ ነው። ፉሉ ቶሎ ይደርሳል፤ ሰኞ ሰኞ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች ሲከራከሩ ነው የሚቀዘቅዘው። ረቡዕና ዓርብ ማኪያቶው በስፕሪስ ይተካል፤ በዚህ ምክንያት ጊዜ ይተርፋል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ሞኝ ነው፤ ጾመኛ ምን ያስቸኩለዋል? ከሁሉም የሚያቆየን ግን ሂሳቡ ነው። አንዱ «በሞቴ!» ይላል፤ ሌላው የከፋዩን እጅ ከኪሱ ጋር አብሮ ይይዛል፤ አስተናጋጇም ብሩን የምትቀበለው ከማን እንደሆነ እስኪለይላት ድረስ ሌሎች ሁለት ጠረጴዛዎች አስተናግዳ ትመለሳለች። ለአገር ጉዳይ እንዲህ ብንሻማ የት በደረስን ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ 3፡45 ገደማ ስመለስ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የተጣጠፉ ወረቀቶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከወንበሬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ይቅርታ አባባ፣ ብዙ ቆዩ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ኮቱ እየጠቆሙ። «እኚህ ጨዋ ሰው ናቸው። ጉዳዬን ከሥር ከመሠረቱ ሳስረዳቸው አንድም ጊዜ ‹ነገ ይምጡ› አላሉኝም።»

አቀርቅሬ ኮቱን ከወንበሩ አነሣሁና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሲስተም አልነበረም።