በእንኳን አደረሳችሁ የተገኘ ኒውክሌር

እንኳን ደስ ያለን! ኢትዮጵያ የኒውክሌር ጃንጥላ ሥር ገብታለች፤ ኒውክሌር የታጠቀ ኃያል «የነካሽን እመታለሁ» ብሎላታል ማለት ነው። ሰሞኑን ይህን ያልሰማ ካለ ዳታው አልቆበት መሆን አለበት። ብሥራቱ እንደተለመደው በቀይ ቀስት፣ እሳት በሚተፋ ሚሳኤልና አፉን በከፈተ ሰው ፎቶ ታጅቦ ነው የመጣው። «ሰበር! ኃያሏ ሀገር ከጎናችን ቆመች፤ ጠላት ተርበደበደ» ይላል ርእሱ። ከፍተው ሲያዩት አንድ ኤምባሲ ለዘመን መለወጫ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሏል። ከሥሩ አደይ አበባ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ተራ ሰው እዚህ ላይ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ያልፋል። ተንታኞቻችን ግን፣ ዕድሜና ኔትወርክ ይስጣቸውና፣ ሥራ የሚጀምሩት ሌላው ከጨረሰበት ነው። ሙያው ጠፍቶ እንዳይቀር ደረጃ በደረጃ ይመዝገብ።

መጀመሪያ መልእክቱ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ከዚያ ከአምናው ጋር ይነጻጸራል። አምና «መልካም አዲስ ዓመት» ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ «ለወዳጅ ሕዝብ» የምትል ገብታለች። «ይቺ ቃል ዝም ብላ አልገባችም!» ይባላል፣ ጣት ወደ ካሜራ ተቀስሮ። ቀጥሎ ሰዓቱ ይጠናል። የዚህኛው ኤምባሲ መልእክት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጣ፤ የተቀናቃኙ ግን 5 ሰዓት ላይ። የሁለት ሰዓት ብልጫ! አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ከአንዱ ኃያል ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ግድም ይበቃዋል፤ እንግዲህ በሁለት ሰዓት ስንት እንደሚደርስ ማካፈል የሚችል ያካፍል። ከዚያ አበባው ይቆጠራል። አደዮቹ አምስት ናቸው። በኒውክሌር መስፋፋት መከላከያ ስምምነት ኒውክሌር ታጣቂ ተብለው የታወቁ ሀገሮችስ ስንት ናቸው? አምስት! እዚህ ላይ ተንታኙ ዝም ይላል፤ ሙዚቃ ይገባል።

ገና ምኑ ተነክቶ። ሁለተኛው ክፍል የአምባሳደሩ ነጠላ ነው። ጥለቱ ወደ ታች ነው። ለሐዘን ቢሆን ወደ ላይ ይዞር ነበር፤ ስላልዞረ ለኛ ደስታ ነው፣ ሐዘኑ ለጠላቶቻችን። ሦስተኛው ክፍል ዶሮ ወጡ ነው። በእጃቸው በሉ ወይስ በሹካ? በሹካ ከሆነ የንግድ ስምምነት ብቻ ነው። በእጃቸው ከሆነ ወታደራዊ ትብብር አለበት። ካጎረሱ ደግሞ አለቀ፣ የጋራ መከላከያ ውል በሉት። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚለውን የሚያውቁ ጠንቃቃ ተንታኞች ሁለተኛው ጉርሻ መኖሩን ለማረጋገጥ ቪዲዮውን አንድ በአንድ ፍሬም ያዩታል። በ41ኛው ሰከንድ ላይ እጁ እንደገና ወደ ትሪው ሄዷል! የጎረሰው ማን እንደሆነ አይታይም፤ አራተኛው ክፍል ስለዚያ ነው። አምስተኛው ክፍል ስለ እንቁላሉ ነው፤ ግማሽ መሆኑና ሙሉ መሆኑ በሰርጓጅ መርከብ ቁጥር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ያስረዳል። እንቁላሉ ሙሉ ነበር። «አሁን ይንኩን!» አለ ከሥር የጻፈው ሁሉ።

ያልታደሉ ሀገሮች አሉ። ደቡብ ኮሪያ በጥቅምት 1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ ጋር የጋራ መከላከያ ውል ፈረመች። ዛሬም 28 ሺህ 500 ግድም የአሜሪካ ወታደር መሬቷ ላይ ይኖራል፤ ጥቃት ቢመጣ አብሮ የሚመታው እሱ ስለሆነ ከወረቀቱ ይልቅ የሚታመነው የሱ መኖር ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ሰሜን ኮሪያ አሜሪካ ድረስ የሚወረወር ሚሳኤል ስትሠራ ሴኦል ተጨነቀች፤ «ለኛ ሲሉ የራሳቸውን ከተማ ያስመታሉ?» የሚለው ጥያቄ ስላልለቀቃት በሚያዝያ 2023 ፕሬዚዳንቷ ዋሽንግተን ሄዶ እንደገና ሌላ መግለጫ አስወጣ። ምስኪኖች! ሰባ ዓመት ሙሉ ዶሮ ወጥ የሚባል ነገር አልታያቸውም።

ዩክሬንም ተንታኝ አጥታ ነው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ 1,900 ያህል ስትራቴጂያዊ የኒውክሌር አረር መሬቷ ላይ ቀረ። የመተኮሻው ቁጥጥር ሞስኮ እጅ ስለነበር «አላት» ማለትም ያስቸግራል፤ ቢሆንም በእጇ ላይ ነበር። በታኅሣሥ 1994 ቡዳፔስት ላይ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከሩሲያ ጋር ሰነድ ተፈራረመች፤ በ1996 የመጨረሻው አረር ወጣላት። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ወረቀት ነው። ፈራሚዎቹ ድንበሯን «እናከብራለን» አሉ። በኒውክሌር ከተመታች ጉዳዩን ለጸጥታው ምክር ቤት «እናቀርባለን» አሉ፤ ሩሲያ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ይዛ የተቀመጠችበት ምክር ቤት ማለት ነው። ጥያቄ ከተነሣ «እንመካከራለን» አሉ። «እንዋጋለን» የሚል ግሥ የለበትም። በ2014 ክራይሚያ ስትያዝ ኪየቭ ያንን ምክክር ጠየቀች፤ ሩሲያ ከሷ ጋር አልተቀመጠችም።

ለነገሩ በጣም የተከበረው ውል እንኳ ግሡ ይታያል። የኔቶ አምስተኛ አንቀጽ በአንዱ ላይ የደረሰ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል ካለ በኋላ፣ እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ መስሎ የታየውን» እርምጃ ይወስዳል ይላል። መስሎ የታየውን! የጦር ኃይል ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ልብስና ድንኳን መላክም ሊሆን ይችላል። ኔቶን የሚያስፈራው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ከቃሉ ጀርባ የተቀናጀ የጦር አዛዥነት፣ በአንድ መጠን የተሠራ ጥይትና በየዓመቱ የሚደረግ ልምምድ አለ። ተንታኞቻችን ግን ግሥ አይወዱም፤ ቅጽል ነው የሚወዱት። «ታሪካዊ»፣ «ጽኑ»፣ «የማይናወጥ»።

ስለ ጽኑ ካነሣን፣ የኛ ሰፈር በ20 ዓመት ወዳጅነት የታደለ ነው። በ1928 ኢትዮጵያና ኢጣሊያ የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፤ በሰባት ዓመቱ ወዳጃችን በአውሮፕላን መርዝ ይዞ መጣ። በ1974 ሶማሊያና ሶቪየት ኅብረት የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፤ በኅዳር 1977 ሶማሊያ ቀደደችው። በኅዳር 1978 ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት፣ አዎ፣ የ20 ዓመት ውል ተፈራረሙ፤ ቀኑ ሳይሞላ ሶቪየት ኅብረት የምትባል ሀገር ራሷ ጠፋች። አበዳሪዋ ስትፈርስ ታዲያ የመሣሪያው ዕዳ አልፈረሰም፤ ሩሲያ ወረሰችው። ጽናት ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በፊት የአሜሪካው አለ። በግንቦት 1953 የተፈረመው የ25 ዓመት ስምምነት ለአሜሪካ አስመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የሬዲዮ ጠለፋ ጣቢያ ሰጠ፤ ለኛ መሣሪያና ሥልጠና መጣ። ፍቅሩ ከምን እንደመነጨ ተንታኝ አያስፈልገውም፦ አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ለሬዲዮ ጠለፋ የምትመች። ሳተላይት ሲመጣና ህንድ ውቅያኖስ ላይ ዲዬጎ ጋርሲያ የሚባል የደሴት ጦር ሰፈር ሲገኝ አንቴናው ዋጋው ወረደ፤ ወዳጅነቱም አብሮ ወረደ። በ1977 መጀመሪያ ዋሽንግተን ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ ቀነሰች፣ በሚያዝያ ደርግ ጣቢያውን ዘጋ፣ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ገባ። በኅዳር የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ማራገፍ ጀመሩ። «አየህ! በስምንት ወር ኃያል ቀየርን!» ይላል ማኪያቶው ፊት የተቀመጠው ጄኔራል፣ ማልያ እንደመቀየር።

እስቲ ማልያው ይፈታ። ወታደሩ እጅ ላይ ኤም ዋን የሚባል የአሜሪካ ጠመንጃ አለ፤ ጥይቱ 7.62 በ63 ሚሊሜትር ነው፣ ውፍረቱ በቀለሁ ርዝመት። ኤም ፎርቲን አለ፤ 7.62 በ51። ክላሽ ደረሰ፤ 7.62 በ39። ሦስቱም «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ አይሠራም። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ተሳስቶ የተነበበ እንደሆነ ምሽጉ ውስጥ ያለው ልጅ ጥይት እያለው ጥይት የለውም። ታንኩም እንደዚያው ነው፦ የኤም 47 መድፍ 90 ሚሊሜትር፣ የኤም 60ው 105፣ የቲ 55ቱ 100። የአሜሪካው ብሎን በኢንች ይለካል፣ የሶቪየቱ በሚሊሜትር፤ የጥገናው ባለሙያ የቁልፍ ሳጥኑን በሙሉ ይቀይራል፣ መመሪያውን ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ይቀይራል፣ አብራሪው ከፍታን ከጫማ ወደ ሜትር ይቀይራል። መለዋወጫ ከቆመ ጥሩው አውሮፕላን ከሌላው ጥሩ አውሮፕላን ዕቃ እየተፈታለት ይኖራል፤ ሁለት የነበረው አንድ ይሆናል፣ ቀጥሎም ግማሽ። ይህ ሁሉ ጦርነቱ እየተካሄደ ነው።

ካራማራ ላይ የወደቀው የገበሬ ልጅ ክላሽ ይዞ ነበር። ፊት ለፊቱ የወደቀው የሶማሌ አርብቶ አደር ልጅም ክላሽ ይዞ ነበር። ያስታጠቀው አንድ ሀገር ነው! አማካሪው ሳይቀር ያንኛውን ጦር ሲያሠለጥን ከርሞ ወደዚህኛው የዞረ ነው፤ የዚያን ጦር ጓዳ ስለሚያውቀው ጠቀመን እንላለን፣ ጠቅሞናልም፤ ግን የኛንስ ጓዳ ያወቀው ነገ ለማን ይነግራል ብሎ የጠየቀ አለ? ከኩባ 15 ሺህ ያህል ሰው መጥቶ ተዋጋ፣ በመጋቢት 1978 ጅጅጋ ተያዘች፣ ድል ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በዚያ አሸዋ ላይ የቀረውን ልጅ እናት ቤቷ ድረስ ሄዶ ያየ ሰው «ኃያሉ ከጎናችን ነው፣ አንድ ጦርነት ብናደርግ ምን አለበት» ብሎ በካርታ ላይ ቀስት አይሥልም። ቀስት የሚሥሉት አንድም ልጅ የማይልኩ ናቸው። ነውር ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው እንመለስ።

«ኃያሉ ያለኛ ፈቃድ አይወስንም» የሚሉትን የተንታኝ ዓይነቶች ሳላመሰግን ባልፍ እግዜርም አይወደው። በጥቅምት 1962 የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ሚሳኤሉን ከኩባ ሊያነሣ ሲስማማ የኩባው መሪ ካስትሮ የሰማው ከዜና ነው። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ቱርክ ላይ የተከለቻቸውን 15 ጁፒተር ሚሳኤሎች እንደምታነሣ በሚስጥር ቃል ገባች፤ ቱርክ አልተነገራትም። ሚሳኤሎቹ በሚቀጥለው ሚያዝያ ተነሡ። ሁለቱም ትንንሽ ወዳጆች የሚተማመኑበት የአንድ ኃያል ልብ ነበራቸው፤ ልቡ ግን ደብዳቤ ላይ ነበር፣ ከሌላው ኃያል ጋር።

«ሁለቱንም እያጣላን ከሁለቱም እንበላለን» የሚሉትም አሉ። እነሱ የበለጠ ብልሆች ናቸው፤ ሁለት አንበሳ መሐል ገብታ ሥጋውን እኔ ላካፍላችሁ እንዳለች ፍየል። የኒውዚላንድ ተንታኞች እንዲህ ብልህ ቢሆኑ ኖሮ በ1985 ኒውክሌር ሊኖርበት የሚችል የአሜሪካ መርከብ ወደባችን አይገባም ብለው አይከለክሉም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ለኒውዚላንድ የነበረባትን የመከላከያ ግዴታ አነሣች፣ እነሱም የሚያስከፍለውን ቆጥረው «እሺ» አሉ። መቁጠር! ለዚህ ነው ሰበር ዜና የሌላቸው።

እኛ ግን መስቀል እየደረሰ ነው። ኤምባሲዎቹ መልካም በዓል ማለታቸው አይቀርም፤ ከአንዳቸው አንዱ ደመራ ፊት ችቦ ይዞ ፎቶ ይነሣል። ደመራው ሲወድቅ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደወደቀ ለማወቅ ደግሞ ሊቃውንቱ አስቀድመው ኮምፓስ ገዝተዋል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ሃይፐርሶኒክ ሚሳኤል ነው ይባላል።