ቲቪ የለኝም እኮ!

በቃ ዛሬ ሞልቶ ፈሰሰ። ከሌሊት ሥራ ደክሞኝ ገብቼ ፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ያ ደብዳቤ! የሦስት ወር የብሮድካስት ክፍያ፣ ያ ለሕዝብ ቲቪና ሬድዮ የሚከፈለው፣ 55 ዩሮ ከ8 ሳንቲም፣ መቀጫ ደግሞ በላዩ ላይ። ቲቪ የለኝም! ሬድዮም የለኝም! ጀርመን አገር ግን ከ2013 ጀምሮ ምን አለህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም፣ ቤት ካለህ ትከፍላለህ፣ አለቀ። እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዬን የምኖረው በወር 18 ዩሮ ከ36፣ ቪላ ውስጥ ሦስት ደመወዝ የሚገባበት ቤትም ያችኑ። ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ግብር እንኳ እንደ ገቢ አይደል እንዴ የሚቆረጠው?

ነጻ አድርጉኝ ብትል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድጎማ ላይ መሆን አለብህ። ሠርቶ በትንሽ ደመወዝ የሚታገለውን ማን ያየዋል?

እኔ የምሰማው የዶይቸ ቬለን አማርኛ ነው፣ እሱ ደግሞ ከዚህ ክፍያ ሳንቲም አይደርሰውም፣ በጀቱ ከፌዴራል መንግሥት ነው፣ እሱን በግብሬ ከፍዬዋለሁ!

ሚዲያ ከመንግሥት እጅ እንዲወጣ ሕዝቡ ይክፈል የሚለው ይገባኛል፣ ከልቤ ነው የምስማማው፣ የኛን አገር ቲቪ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን ለምን እንደ አቅም አይሆንም? 18 ዩሮ ለአንዱ የምሳ ዋጋ ነው። ለኔ እኮ ለእማዬ የምልከው ላይ የሚቀነስ ነው!